ለዓይን ወይስ ለእግር?

«ሊሾ» የሚለውን ቃል ያመጣነው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ለስላሳ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ እያስጠነቀቀን እኛ ኮልፌዎች ግን ግቢውን ሁሉ ሊሾ እናደርገዋለን። ያም ሲያንሰን ሴራሚክ እንለጥፍበታለን። ሐምሌ ሲገባ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በየግቢው መንሸራተት ነው። ቀድመው የሚወድቁት ደግሞ ምርኩዝ የያዙት እማማ ናቸው። ዓይን ይሙላ ብለን እግር እንሰብራለን!

ሳሎናችሁን እንደፈለጋችሁ አብለጭልጩት። ለደጅ ግን ሲሚንቶው ሳይደርቅ ፊቱን በመጥረጊያ መስመር መስመር ማስያዝ ይበቃል፤ ያምራልም፣ እግርም ይይዛል። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ ወደ ቦዩ ይውረድ። እንዳይሰነጣጠቅም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

ግንበኛው «ፋሽኑ ይሄ አይደለም» ካላችሁ፣ እሺ በሉትና ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ እሱን አስኪዱት።