ፊደሉን ተዉት፤ ስክሪኑን ጠይቁ

ዛሬ ጠበቃ ሆኜ ቀርቤአለሁ። ተከሳሹ ፊደላችን ነው። ክሱም «በኮምፒውተር ላይ ዐይን ያደክማል፤ ይደበዝዛል፤ አንዱ ከሌላው ይምታታል» የሚል ነው።

በእኛ በአዲሎም ሆነ በሌሎቹ የከምባታና የሀዲያ ከተሞች ይህ ክስ ምስክር አያጣም። ልጆቻችን ከምባትኛውንና ሀዲይኛውን በላቲን ፊደል፣ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ያነባሉ። ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ላቲኑ ጥርት ይላል፤ ግዕዙ ጭጋግ ይለብሳል። ተመልካቹም ሳይውል ሳያድር «ጥፋቱ የፊደሉ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የከምባትኛና የሀዲይኛ የፊደል ምርጫ የባለቤቶቹ ነውና ሙግቴ ከእርሱ ጋር አይደለም። ሙግቴ የስክሪንን ጥፋት በፊደል ትከሻ ላይ ከሚጭነው ፍርድ ጋር ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ስክሪን ፊደልን የሚጽፈው እንደ ብርዕ መስመር በመሳብ ሳይሆን ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦችን በመደርደር ነው። በተለመደው የጽሕፈት መጠን ለአንድ ፊደል ቁመት የሚደርሰው ወደ 12 ያህል ነጥብ ነው። ከዚህች ራሽን ላይ አማርኛ አናባቢውን ጭምር ማሳየት አለበት። «በላ»ን ከ«ቢላ» የሚለየው ከቀኝ እግር ሥር የወጣች አጭር ጭረት ናት። «ባላ» የሚሆነው አንዱ እግር ረዘም ሲል ነው። «ሰማ» «ሸማ» የሚሆነው በአናቱ ላይ ቀጭን መስመር ሲጨመርበት ነው። በሻካራ ስክሪን ላይ ይህች ሁሉ ልዩነት የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ጉዳይ ናት። ነጥቧ ስትደበዝዝ ትርጉሙም አብሯት ይደበዝዛል።

ታዲያ ገበያው ምን አመጣልን? ስፋት! እ.ኤ.አ. በ2012 ብቅ ያሉት «አልትራዋይድ» የሚባሉት ሰፋፊ ሞኒተሮች ዛሬ የዘመናዊ ቢሮ ማዕረግ ሆነዋል። ሆኖም ስፋት ጥራት አይደለም። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ባለ 24 ኢንች ተራ ሞኒተር በአንድ ኢንች ላይ 92 ያህል ነጥብ ይደረድራል። 2560 በ1080 ነጥብ ያለው ባለ 34 ኢንች አልትራዋይድ ግን 82 ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ ጨምሮ የገዛው ሰው ነጥቡ ሰፋበት፤ ጭረቱም ደነደነበት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሏል ይህ ነው። በዚያው ስፋት 3440 በ1440 ነጥብ ያለው ወደ 110 ይደርሳል፤ ዳሩ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ገዢውም የሚጠይቀው ኢንቹን እንጂ ነጥቡን አይደለም።

የነጥብ ሕመምም አለ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው አይኤስኦ 13406-2 መሠረት፣ በሁለተኛው መደብ የሚመደብ ስክሪን በእያንዳንዱ ሚሊዮን ፒክስል ውስጥ ሁለት ሁልጊዜ የሚያበሩ፣ ሁለት ሁልጊዜ የጨለሙ፣ አምስት ደግሞ ከቀለም ክፍላቸው አንዱ የታመመባቸው ነጥቦች ቢኖሩበት ደኅና ነው ይባል ነበር። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2008 በአይኤስኦ 9241 ተከታታይ ደረጃዎች ቢተካም ጉድለትን በመደብ መፍቀዱ አልቀረም። 3440 በ1440 የሆነው ስክሪን 4,953,600 ፒክስል አለው። በዚያ ስሌት ወደ 10 የሚያበሩ፣ ወደ 10 የጨለሙ፣ ወደ 25 ደግሞ ቀለማቸው የታመመ ነጥቦች ይፈቀዱለት ነበር ማለት ነው። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር የሚፈቀደውም ጉድለት ይበዛል!

«አንዲት ነጥብ ምን ታመጣለች?» የሚል ይኖራል። ፊልም ለሚያይ ሰው እውነቱን ነው። ግጥም ለሚያርም ሰው ግን በ«በ» እግር አጠገብ የተገተረች ነጥብ ጥርጣሬ ናት፦ የፊደሉ ቅጥያ ናት ወይስ የስክሪኑ ጠባሳ? ዐይን ይቆማል፤ ገጹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ይመለሳል። ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ውድ ሲሆንም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጡት ኪውዲ-ኦሌድ አልትራዋይዶች የቀለም ክፍሎቻቸው በሦስት ማዕዘን የተደረደሩ ስለነበሩ በፊደል ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥላ ያጠሉ ነበር።

ፊደሉ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ ካስፈለገ፣ ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ በሚያትም ሌዘር ፕሪንተር አትሙት። ጭጋጉ የት ገባ? 720 በ1600 ነጥብ ያለው ባለ 6.5 ኢንች ርካሽ ስልክ እንኳ በአንድ ኢንች 270 ያህል ነጥብ ይዞ አማርኛን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ስልክ ወደ ዐይን ቀርቦ እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ ልዩነቱ ግን ከዚያም ያልፋል። ፊደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ዕቃ ግዢ ብቻ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ፈር ቀዳጆች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ፣ ከ200 በላይ የሆኑት ፊደላት በጥቂት ቁልፎች ላይ አልበቃ ብለው ቅጥያዎች ለየብቻ እየተለጠፉ ተጻፉ። ያኔ ፊደሉ ለማሽን አጎነበሰ፤ ግድ ነበር። ዛሬ ግን ግዱ የለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞለት መጥቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ሻካራ ስክሪን ምክንያት «ፊደሉ ይቀነስ፤ ይቅለል» ማለት ጫማ ጠበበ ብሎ እግር መቁረጥ ነው።

ስፋት ጥቅም የለውም አልልም። ከምባትኛውን በግራ አማርኛውን በቀኝ ዘርግቶ ለሚተረጉም ሰው ሰፊ ስክሪን በረከት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ነጥብ ቁጠሩ። በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንዳለው ጠይቁ። ስክሪኑን በየተራ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉት፤ የታመመው ነጥብ ራሱን ያጋልጣል። ከዚያም «በላ፣ ባላ፣ ቢላ» ብላችሁ በትንሹ ጻፉና አንድ ክንድ ርቃችሁ አንብቡ። የመሥሪያ ቤት ግዢ ኮሚቴዎችም ከ«34 ኢንች» ቀጥሎ የነጥቡን ጥግግትና የሚፈቀደውን ጉድለት በጨረታ ሰነዳቸው ይጻፉ።

«ቢላ»ውን «በላ» ብሎ ያነበበውን ልጅም ማንበብ አይችልም አትበሉት። መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ስክሪን ተመልከቱ።