በአምስት ደቂቃ የተቀየረ ጎማ

መስክ ውለው ከተመለሱ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ሙገሳ አለ፤ «ሹፌራችን የዋዛ አይደለም። ጎማ ፈንድቶብን በአምስት ደቂቃ ቀይሮ አስነሣን፤ እኛ ከመኪናም አልወረድን።» ተናጋሪው ከልቡ ነው የሚያመሰግነው። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ይዘገንነኛል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሰው እንደጫነ በአንዲት ክሪክ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሹፌሩ እጁን፣ ምናልባትም ትከሻውን ከሥሩ አስገብቶ ነበር ማለት ነው። ታኮ ለመፈለግ፣ መንገዱ ላይ ምልክት ለማኖር፣ መሬቱን ረግጦ ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ አምስት ደቂቃ ለዚህ ሁሉ አይበቃማ።

ጎማ መቀየርን የፍጥነትና የጉልበት መለኪያ ያደረግነው እኛው ነን። ጎበዝ የምንለው መኪናው ሥር ተንሸራቶ የሚገባውን ነው። የሚጠነቀቀውን «ጀማሪ» እንለዋለን። ሹፌሩ ድንጋይ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ከኋላ ወንበር «ኧረ ጋሼ፣ መሸብን እኮ፤ ቶሎ እንበል እንጂ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አክብሮት አለበት፣ ትሕትና አለበት፤ ግን ትእዛዝ ነው። አበልና የሥራ ግምገማ በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው እጅ እንዳለ ሹፌሩ ያውቃል። ስለዚህ ይቸኩላል። ይህ ልማድ ሰው ያጎድላል፣ ሰው ይገድላል፤ የሚቆመውም ሙገሳችንን ስናቆም ነው።

«ማርሽ አስገብቻለሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፤ የት ይሄዳል?» የሚለውን ክርክር ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ካሳለፉ ሰዎች ጭምር ሰምቼዋለሁ። መኪናው ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ ሳይገባን ደግሞ በፎር ዊል ስም ብቻ ተማምነን ከሥሩ መተኛት የለብንም።

ሃርድ ቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር ፎር ዊል ካልገባ በስተቀር ኃይል የሚያገኘው በኋላው አክስል ነው። ማርሽ ሲገባ የሚታሰረው ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ነው፤ ጎማዎቹ ከዘንጉ ጋር የሚገናኙት ግን በዲፈረንሻል በኩል ነው። የዲፈረንሻል ሥራ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ በአየር ላይ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት የረገጠው ወደ ሌላው መዞር ይችላሉ። ዘንጉ ንቅንቅ ሳይል መኪናው ይንሸራተታል፤ ማርሹ ምንም አልያዘም። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ አንዱ ሲንጠለጠል መኪናውን ሁሉ ለማቆም የቀረው አንድ ጎማ ብቻ ነው። የዚያ ጎማ ፍሬን ደግሞ ታምቡሩ አቧራና ጭቃ ሲጠጣ የከረመ ነው። በድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ ነገሩ ይብሳል። የእጅ ፍሬኑ የሚጨብጠው ከትራንስፈር ኬዙ ጀርባ ያለውን ዘንግ እንጂ ጎማውን አይደለም። የመካከለኛው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ የኋላ ጎማ በተነሣ ሰዓት ያ ፍሬን ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ፎር ዊል ማስገባት፣ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞረውን መቆለፊያ መቆለፍ፣ ከዚያ ማርሽ ማስገባት የፊተኛውንም አክስል ያስይዛል። ይህም ቢሆን ታኮን አይተካም። ታኮ የሚደረገው ሊነሣ ካለው ጎማ በሰያፍ ባለው ጎማ፣ ከፊቱም ከኋላውም ነው። መሬቱ ቁልቁለት ከሆነ መሬት የረገጡት ጎማዎች ሁሉ በቁልቁለቱ በኩል ይታገዱ። ሥራው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ በሙገሳችን የሰረዝነው እነዚህን ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ስለ መሬቱም ማንም አይናገርም። በአፋር፣ ወደ አፍዴራ በሚወስደው መንገድ ገደማ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተበተነበት ሜዳ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ሻንጣ የተቆለለበት ሃርድ ቶፕ ነበር። ሹፌሩ ክሪኩን ያስቀመጠው ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ የደገፈው ደግሞ አክስሉን ትቶ ሻንሲውን ነበር። ሻንሲ ሲደገፍ ባሌስትራው ወደ ታች ይለጠጣልና ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ድረስ ብዙ ማንሣት ያስፈልጋል። የክሪኩ አንገት እስከ መጨረሻው ወጥቶ ነበር። የዚያ አገር ድንጋይ ከላይ ሲያዩት ብረት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ቅልጡ ሲበርድ የቀረ የአረፋ ቀዳዳ ሞልቶታል። ጎማው ወጥቶ፣ ሹፌሩ ስኮርታውን ለማምጣት ወደ ኋላ ዞር እንዳለ ድንጋዩ ቀጭ አለ። ክሪኩ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ መኪናው ስንዝር ያህል ወደ ፊት ሄደ፣ ወዲያው ታምቡሩ ጠጠሩ ውስጥ ተቀበረ። ከግማሽ ደቂቃ በፊት የሹፌሩ ጭንቅላት ፓራፋንጎው ሥር ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች በድንጋጤ ጮኹ፤ በክሪኩ ላይ የእነሱም ክብደት ተጨምሮበት እንደነበር ያሰበ ያለ አልመሰለኝም።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ሁለት ስንዝር ወፍራም ጣውላ ነበር። ጣውላው የክሪኩን ጫና አሸዋው፣ ጭቃውና ልል አፈሩ ላይ ያከፋፍለዋል፤ ሲሰነጠቅም አስቀድሞ ያስታውቃል። ክሪኩ በኋላው አክስል ሥር፣ ወደሚቀየረው ጎማ ተጠግቶ ቢቀመጥ ደግሞ የሚነሣው ከፍታ በብዙ ይቀንስ ነበር። የቅርብ ጊዜዎቹ ፕራዶና ሃይሉክስ ከፊት በኩል እንዲህ ያለ ድፍን አክስል የላቸውም፤ ክሪኩ የት እንደሚገባ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሥዕል ያሳያል። ስኮርታው ደግሞ ጎማው ከመፈታቱ በፊት ወርዶ ሻንሲው ሥር መጋደም ነበረበት። መኪናው ቢወድቅ የሚወድቀው በጎማ ላይ ይሆናል። አዲሱ ሲገባ የተነፈሰው ቦታውን ይተካል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዕውቀትም ብዙ አይጠይቅም፤ አለመደረጉ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

«ጎማ ሲተነፍስ ባለህበት ቁም፣ ቸርኬው ይበላሻል» የሚለው ምክር ሌላው ጠንቅ ነው። የአባይን በረሃ አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደውና ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይጎረብጣል፣ ይሰምጣል። ቁልቁል የሚመጣው ተሳቢ ፍሬኑ ከግሎ ሊሆን ይችላል። እዚያ ኩርባ ላይ ቸርኬ ለማዳን ብሎ መቆም ሹፌሩን በተሳቢው ፊት ማስቀመጥ ነው። ለተላላፊ መኪና የሚታይ፣ ሜዳና ቀጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ በእግረኛ ፍጥነት መንዳት ይቻላል። ጎማው ያልቅለታል፣ ቸርኬው ይጣመም ይሆናል። ሁለቱም በገንዘብ ይገዛሉ።

ሹፌሮች ይህን አጥተውት አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተጣመመ ቸርኬ ይዞ የገባ ሹፌር «ለምን ወዲያው አልቆምክም?» ተብሎ ማብራሪያ እንዲጽፍ ሲታዘዝ አይቻለሁ። ኩርባ ላይ ባለመቆሙ ያመሰገነው የለም። ንብረት ክፍል ቸርኬ ይቆጥራል፤ በቸርኬው ምትክ ሊጠፋ የነበረው ሰው በመዝገቡ ላይ አምድ የለውም። እንዲህ የሚጠየቅ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ኩርባው ላይ ቢቆም ጥፋተኛው ማን ነው?

ምልክትም አለ። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ የሌለው ሹፌር ቅጠል ቆርጦ መንገድ ላይ ይጥላል፤ የአገራችን መንገደኛ ሁሉ የሚያነበው ምልክት ነውና አልነቅፈውም። የምነቅፈው ከመኪናው አሥር እርምጃ ርቆ መጣሉን ነው። ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና በአሥር እርምጃ አይቆምም። ምልክት ከኩርባው ማዶ፣ አሽከርካሪው መኪናውን ሳያይ በፊት እንዲያገኘው ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ቅጠል አይታይምና አንጸባራቂ ግድ ነው። ተሳፋሪም ወርዶ ከአስፋልቱ ውጭ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ ይቁም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። ጎማው ተቀየረ፣ መኪናው ተነሣ፣ ድንጋዮቹ ግን እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀሩ። በአባይ በረሃ፣ በሊማሊሞ፣ በየትኛውም ዳገት ይህን ያላየ መንገደኛ የለም። ታኮ የነበረው ድንጋይ ሌሊት ለሚመጣው ሞተረኛ ወጥመድ ሆኖ ያድራል። «በችኮላ ረሳነው» ይባላል። አልተረሳም፤ ድንጋዩን ያመጣው እጅ የት እንዳስቀመጠው ያውቃል። የራስን ሕይወት ያዳነ ድንጋይ የማናውቀውን ሰው እንዲገድል ትቶ መሄድ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው። ከእንጨት የተጠረቡ ሁለት ታኮዎች መኪናው ውስጥ ቢኖሩ፣ ንብረት ናቸውና ሰው አንሥቶ ይዟቸው ይሄዳል።

የሚያከራክረኝ ሰው አንድ ጠንካራ ነጥብ እንዳለው አልክድም። አንዳንድ ቦታ መቆም ራሱ አደጋ ነው። ጸጥታው ያልተረጋገጠ መንገድ ላይ፣ ጨለማ ሲወርድ፣ ማንም ሰው ቶሎ መነሣት ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሻለው ጎማው ቢያልቅም ቀስ ብሎ ወደ ሰፈር መጠጋት ነው፤ የማይቻል ከሆነም ፍጥነት የሚገኘው አስቀድሞ በመዘጋጀት ነው። ጣውላውና ታኮው ከሻንጣ ሥር ካልተቀበሩ፣ ቡሎኖቹ መኪናው ሳይነሣ በፊት ከላሉ፣ ሁሉም ሰው ወርዶ አንዱ ምልክት ሲያኖር ሌላው ታኮ ቢይዝ፣ ሥራው ያለ ግርግር ያልቃል። ከክሪኩ ላይ የወደቀ መኪና ግን በጨለማ ውስጥ ሰዓታት ያስቆማል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሹፌሩ ሳይሆን መኪና ለሚያሰማሩት ነው። ሚሊዮኖች ወጥተውበት የተገዛ መኪና ጣውላ የለውም፤ ባሌስትራው ተቀይሮ ከፍ ብሎ ሳለ ክሪኩ ከፋብሪካ የመጣው አጭሩ ነው። ስኮርታውስ? ሃይሉክስ ላይ ከኋላ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለው ጎማ ማውረጃው በጭቃ ተጣብቆ አልወርድም የሚለው በረሃ መሃል ነው። ሳይነካ የተቀመጠ ጎማም ያረጃል። በጎኑ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2316 ከሆኑ ጎማው የተሠራው በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በርካታ አምራቾች ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ከ10 ዓመት በኋላ እንዲወገድ ይመክራሉ። ባለ ካላማዳሪ ጎማና ባለ ቀለበት ቸርኬ ያላቸው የቆዩ ሃርድ ቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቀለበቱ በትክክል ሳይገባ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይመታል። ያን ጎማ ሜዳ ላይ ልክፈት የሚል ሰው ካለ ተው በሉት፤ ሥራው የጎሚስታ ነው። የመስክ መኪና መጠየቂያ ቅጽ ላይ ነዳጅና ኪሎ ሜትር የሚሞላ ክፍል አለ። እዚያው ሥር የስኮርታው አየር፣ ክሪኩ፣ ጣውላው፣ ታኮው የሚል መስመር ይጨመር፤ ፈራሚውም የጉዞው ኃላፊ ይሁን።

የሚቀረው ቡሎን ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል ጥብቀት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ቡሎኑን የሚበጥሰው፣ ቸርኬውንም አጣሞ የሚያስገባው እሱ ነው። ቸርኬው የሚያርፍበት ፊት ከጭቃና ከዝገት ይጠረግ፤ ቡሎኖቹ የሾጠጠው ጎናቸው ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ተራ በተራ ሳይሆን በሰያፍ ይጥበቁ፤ የመጨረሻው ጥብቀት መኪናው መሬት ከረገጠ በኋላ ይሁን። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ መጀመሪያ በተገኘችው ከተማ፣ ተሳፋሪው ቡና ከማዘዙ በፊት መፍቻው እንደገና ይውጣና ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ።