እግረ መንገዴን

ጓሯችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው መኪና የታላቁ ልጄ እኩያ ናት። ሁለቱም የ2004 ዓ.ም. ናቸው። እሱ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ እሷ ገና ከግቢ አልወጣችም።

መኪና ስል የቤት መኪና እንዳይመስላችሁ። ጣሪያ የላትም፣ የምትይዘው አንድ ሰው ነው፤ ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና የፊት እግሯ ከአሮጌ ቮልስ የተነቀለ የውድድር መኪና ናት። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 በይፋ የተቀበሉት ፎርሙላ ቪ የሚባል ውድድር አለ፤ ደመወዝተኛ ሰው ጋራዡ ውስጥ ሠርቶ በዕረፍት ቀኑ እንዲሽቀዳደም የታሰበ። 1200 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ በቃ። ኒኪ ላውዳና ኬኬ ሮዝበርግ ፎርሙላ ዋን ሳይደርሱ እጃቸውን ያፍታቱት በዚህች ነው። ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲማ ከወንድሙ ጋር ራሱ እየሠራ ይነዳት ነበር። ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

"መቼ ነው የምታልቀው?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ ዶላር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ሶማሌ ተራ ዕቃ ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ሁሉ ይረዳኛል፤ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ግን ሰበብ ነው። ሻንሲዋ ሲበየድ ዶላር 20 ብር እንኳ አልሞላም ነበር።

ያስቀረኝ "እግረ መንገዴን" የሚባለው ነገር ነው።

ሻንሲው አለቀ። ሞተሩ ሊገባ ሲል "እግረ መንገዴን ልክፈተውና ውስጡን ልየው" አልኩ። በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ሞተር ነበር እኮ! ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት ገብተው ስምንት ወር ከረሙ። እነሱን ስጠብቅ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ ትዝ አለኝ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከሞተሩ ጉልበት ከአምስት አንድ እጁን ከፍታው ይበላዋል። እሱን ላስመልስ ብዬ ሁለት ካርቡራተር ገዛሁ። ሁለት ካርቡራተር ሌላ ማኒፎልድ ጠየቀ፤ ማኒፎልዱ ሌላ ጭስ ማውጫ፤ ጭስ ማውጫው ደግሞ የማያሳልፈው ቱቦላሬ ስላለ ግራይንደር አንስቼ በገዛ እጄ ያስበየድኩትን ሻንሲ ቆረጥኩ።

የሚያስቀው፣ የፎርሙላ ቪ ደንብ ይህንን ሁሉ ይከለክላል። ካርቡራተሩ አንድ፣ ፍሬኑ ያው የቮልሱ ከበሮ፣ ካምቢዮው ያው የቮልሱ። መኪናዋ ርካሽ የሆነችው በዚህ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እኔን የመሰለ ሰው ቀድሞ የገጠማቸው ይመስለኛል።

በ2010 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ተነሳች። ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ያስነሳናት ሻንሲዋን ከበየደው በያጅ ጋር ነው፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ የባለቤቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፋችው። ተሳስቼ ነው ብዬ ሁለተኛ አስገባሁ። አሁንም ወደ ኋላ፣ ይባስ ብላ ፈጠን አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ እግር በስተኋላ ይቀመጣል። ለውድድር ሲሆን ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ይዞሩና ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ይገባል። ይህ ሲደረግ ትልቁ የዲፍረንሻል ጥርስ ተገልብጦ በሌላው ጎን መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ታገኛላችሁ። እኔም አገኘሁ። ለሁለት ካርቡራተር ስጨነቅ ይቺን ዘልያታለሁ።

"ልጄ፣" አለኝ በያጁ ሳፋውን እያነሳ፣ "ውድድሩ ወደ ኋላ ከሆነ የሚቀድምህ የለም።"

ጥርሱን መገልበጥ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። እኔ ግን ካምቢዮው ከተከፈተ አይቀር እግረ መንገዴን ሁሉንም ኩሽኔታ ልቀይር አልኩ። ከዚያ የዲስክ ፍሬን አማረኝና የፊቱን ከበሮዎች ለቆራሌው ሰጠሁ። መሐል ላይ አንዲት ዶሮ መቀመጫው ላይ እንቁላል ታቀፈች፤ እስክትፈለፍል 21 ቀን ሥራ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ያ ጓሮ በጊዜው ያለቀ ሥራ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሸራውን ገለጥ አድርጎ፣ "አባዬ፣ ያኔ ወደ ኋላ ስትሄድ ሞተሩ ይሠራ ነበር አይደል?" አለኝ።

"ይሠራ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ፈታኸው?"

ዶላር ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ሁለቱን ካርቡራተሮች ሸጥኳቸው። የድሮው ሶሌክስ ታጥቦ ቦታው ገብቷል፤ ጥርሱም ተገልብጧል። ከቆራሌው አንዱን ከበሮ አስመልሻለሁ፤ የግራው ጠፍቷል። ጓሯችሁ ውስጥ ቆሞ የቀረ ቮልስ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የግራ የፊት ፍሬን ከበሮ እፈልጋለሁ። ሌላ ዕቃ ብታሳዩኝ አልገዛም።