የቆረጠ ይተካ፣ የተከለ ይቁጠር

እኔ በምኖርበት በቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር አንድ ሰው በገዛ ግቢው የበቀለን ትልቅ ዛፍ እንዳሻው መቁረጥ አይችልም። ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍ ብሎ ሲለካ የግንዱ ዲያሜትር 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ከከተማው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጤነኛ ዛፍ እንዲቆርጥ ሲፈቀድለትም አብዛኛውን ጊዜ ምትክ እንዲተክል ይታዘዛል። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ «በገዛ ግቢዬ?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፤ ዛፍ ያጎደለ ሰው ዕዳ አለበት።

ከከተማ ወጣ ሲባል ይኸው ሐሳብ በትልቁ ይሠራል። አብዛኛው የኦንታሪዮ ደን ያለው በመንግሥት መሬት ላይ ሲሆን፣ ኩባንያዎች ፈቃድ ወስደው ይቆርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የደን ሕግ መሠረት ግን ለሚያወጡት እንጨት በሜትር ኪዩብ እየተሰላ ገንዘብ ወደ አደራ ሒሳብ ይገባል፤ ገንዘቡም የተቆረጠውን ደን መልሶ ለማልማት ይውላል። ሥራው በተከላ ቀን አያበቃም። ከዓመታት በኋላ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ለጋዎቹ ዛፎች ቁጥቋጦውን አሸንፈው ማደጋቸውን ይፈትሻል።

ኦንታሪዮ ግን ሁሉን ነገር አስተካክላለች ማለቴ አይደለም። የግራሲ ናሮውስ ነባር ሕዝቦች በባህላዊ ግዛታቸው የሚካሄደውን የጅምላ ቆረጣ ለማስቆም እ.ኤ.አ. በ2002 መንገድ የዘጉት ይህ ሕግ እያለ ነው። ያረጀ ደን በችግኝ ረድፍ አይተካም። ቢሆንም ልንወስደው የሚገባ ነገር አለ፤ የቆረጠው ወገን ይታወቃል፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይቀመጣል፣ ውጤቱም ዘግይቶ ይቆጠራል።

እኛ ጋ የሚቆጠረው መቼ ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ የአረንጓዴ ዐሻራ ቁጥር በቢሊዮን ሆኗል። ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ መትከሉ የሚያኮራ ነው፤ የሚያጣጥል ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ችግኝ በክረምት ሁሉ ያምራል። ፈተናው የሚመጣው በጋው ገብቶ መሬቱ ሲሰነጠቅና ከብቱ ለልቅ ግጦሽ ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ከ«ስንት ተተከለ?» ቀጥሎ «ስንቱ ጸደቀ?» መባል አለበት።

ይህን ጥያቄ ታሪካችንም ያስተምረናል። ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ በደርግ ዘመን ገበሬው በምግብ ለሥራ እርከን ሠራ፣ ተራራ ላይ ዛፍ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከዚያ ደን ብዙው ተጨፈጨፈ። ለምን? ሰው ዛፍ ስለሚጠላ አይደለም። ዛፉን የተከለው እሱ ቢሆንም የራሱ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ «የመንግሥት ዛፍ» ነበር። መንግሥት ሲሄድ ዛፉም አብሮ ሄደ።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ይሂድ። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር መሰል ዛፍ በገዛ ማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ክረምት ከችግኙ መሃል ጤፍ ያበቅላል፣ ከዚያ ለከብቱ ሣር ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያስ? መልሶ ይተክላል! ማንም ዘመቻ አልጠራውም። የራሱ መሬት፣ የራሱ ዛፍ፣ የራሱ ገቢ ስለሆነ ነው። በዚህ መንገድ ተራቁቶ የነበረ አካባቢ ዛፍ ለበሰ።

ይህም ጣጣ አላጣውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ዲከረንሱን እየመታ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከተራራ እስከ ተራራ ከተተከለ አንድ በሽታ ሁሉንም ይጠርጋል። ስለዚህ ባለቤትነት ያስፈልጋል፤ ስብጥርም ያስፈልጋል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ኮሶው በባሕር ዛፍና በዲከረንስ ብቻ እንዳይተኩ ማሰብ ያስፈልጋል። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ለዘር ምንጭነት እስካሁን ቆመውልናል።

ታዲያ ውጭ ያለነው ምን እናድርግ? ለችግኝ ገንዘብ ስናዋጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ መሬቱና ዛፉ የማን ነው? በበጋ ማን ይጠብቀዋል? በሦስተኛው ዓመት ማን ይቆጥረዋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ስለሚለይ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ይችላል። መልስ ከሌለ ብራችንን አንበትን። መልስ ካለ ደግሞ ግማሹን ለችግኝ፣ ግማሹን ለአጥርና ለጠባቂ እንመድበው። በሳተላይት ምስል የምትሠሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎችም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በአንድ የታወቀ የተከላ ቦታ ላይ ብታደርጉት፣ ያ ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ አረንጓዴ ይሁን ግራጫ በማስረጃ ታሳዩናላችሁ።

በተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ አፈራችንን ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ምንጩም ይደርቃል። ያን አፈር በመዋጮ አንመልሰውም። ዛፍ ግን ባለቤትና ቆጣሪ ካገኘ ይመለሳል።