«ገባህ?» ከማለት «እንቆቅልህ!»

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። ማታ ደብተር ዘርግተን ልጆቻችንን ስናስጠና ሁላችንም እንጠይቃታለን፦ «ገባህ?» መልሷም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አዎ።» ልጁ አዎ ይላል፣ እኛ ደስ ይለናል፣ ደብተሩ ይዘጋል። በማግስቱ ያንኑ ነገር ስትጠይቁት ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል።

እንደምታውቁት የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ምርት በሰው ልብ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የምናጣራባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የሳሙናውን ስም ጠርቶ «ይህን ሳሙና ያውቁታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላው ምንም ስም ሳይጠሩ «እስቲ የሚያውቋቸውን ሳሙናዎች ይንገሩኝ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ «አዎ» ያስገኛል፤ ሰምቶት የማያውቀውም ሰው በይሉኝታ አዎ ይላል። እውነቱ የሚወጣው በሁለተኛው ነው። «ገባህ?» የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ናት።

ይህ ለእኛ ለጎንደር ወላጆች ቀላል ነገር አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ያኔ ሳንዘጋጅ ሁላችንም አስተማሪ ሆንን። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ተከታትሎ፣ በክልላችን በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙበት ጊዜ መጣ። ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር በሌላው ዓለም ወላጅ አስቦበት የሚመርጠው መንገድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ለብዙው ቤተሰብ ጊዜው ያመጣበት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ካርዱም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ «ምን ላስተምረው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ለመሆኑ ምን ያውቃል?» የሚል ሌላ ይነሳል።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተማችን አድባራት ሥር ያሉትን የአብነት ትምህርት ቤቶች አስቡ። ልጅ በመጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ይላል። በዜማ ስለሚባል አፉ ይለምደዋል፤ አፍ ከለመደው ደግሞ ፊደሉን ሳያዩ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይቻላል። ስለዚህ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ከዚያ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ»። በየእርምጃው ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን የያዘ ያልፋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ እኛ ፊደል ላሉ የአጻጻፍ ሥርዓቶች መጠሪያ ሲፈልጉ የመረጡት ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቋንቋ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። እኛ ደግሞ ስሙን ብቻ ሳይሆን ብልሃቱንም ልንጠቀምበት ይገባል፦ ቅደም ተከተሉን አፍርሶ መጠየቅ።

የ8 ዓመቱ ልጄ የ6ን ማባዣ በዜማ ሲያወርደው ጎረቤት ያደንቃል። «6 ጊዜ 7ስ?» ስለው ግን ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከ«6 ጊዜ 1» ተነስቶ እየቆጠረ ነው። ወረቀት ብሰጠው ያው ቆጥሮ ይደርስበት ነበር፤ እኔም በደንብ ያውቃል ብዬ አልፍ ነበር። እኛ ግን በኳስ ነው የተጫወትነው። ወርዋሪው ይጠይቃል፣ ቀላቢው ኳሱ እጁ ሳይገባ ይመልሳል። 6 ጊዜ 4፣ ከዚያ 6 ጊዜ 9፣ ከዚያ 6 ጊዜ 3። ልጁ ወዲያው «እማዬ፣ በተርታ ጠይቂኝ እንጂ!» ብሎ ተቆጣ። ያቺ ቁጣ ከማንኛውም ካርድ በላይ ነገረችኝ። አሁን 42ን ከኳሱ ቀድሞ ይጠራታል።

ሁለተኛው መሣሪያችን እንቆቅልሽ ነው። ጨዋታውን ሁላችሁም አድጋችሁበታል። «እንቆቅልህ?» ይባላል፣ «ምን አውቅልሽ» ይመለሳል፣ ያላወቀ አገር ይሰጣል። እኛ ቤት ሁለት ደንብ ጨምረንበታል። አንደኛ፣ እንቆቅልሹ ልጆቹ በዚያ ሳምንት ከተማሩት ነገር ራሳቸው የፈጠሩት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አገር የተሰጠው ሰው ስለዚያ አገር አንድ እውነት ካልተናገረ አገሩ ይወሰድበታል። ሱዳንን ያገኘ ነጭ አባይና ጥቁር አባይ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ይናገራል፤ ቻድን ያገኘ ባሕር እንደሌላት ይናገራል። በአንድ ምሽት ግማሽ አፍሪካ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ትልቋ ልጄ አንድ ማታ እንዲህ አለችን፦ «ብቻዬን ስቆም ባዶ ነኝ፤ ከኋላህ ስቆም አሥር እጥፍ አደርግሃለሁ፤ ከፊትህ ብቆም ምንም አልለውጥህም። ማን ነኝ?» ዜሮ ናት። ይህን እንቆቅልሽ ለመሥራት ልጅቷ አሃዝ በቦታው ዋጋ እንዳለው በደንብ ገብቷት መሆን አለበት። ሳይገባው የሸመደደ ልጅ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ እንቆቅልሽ መፍጠር ግን አይችልም። የቅኔ ቤቱም ሥርዓት ይኸው አይደል? የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ደግሞ ቢያቀርብ አይቆጠርለትም፤ አዲስ መቀኘት አለበት።

ጨዋታው ልጁን ከመመርመር ያለፈ ጥቅምም አለው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱን የተማሪ ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ አደረጉ፤ ሌላው አንዴ አንብቦ ያስታወሰውን ያለ መጽሐፍ እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። እንግዲህ «እስቲ ንገረኝ» ማለት ራሱ ማስተማር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። ከደባርቅ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች የ13 ዓመት የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ትኖራለች። የአካባቢዋ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ቤት ውላለች። ከተማ ውስጥ ልናስመዘግባት ስንሞክር የመመደቢያ ፈተና ተሰጣት፤ በሒሳብ ከ20 ያገኘችው 5 ነው። 3ኛ ክፍል ትግባ ተባለ። የ13 ዓመት ልጅ ከ9 ዓመት ልጆች ጋር ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ ለሁለት ቀን ብቻ ከጓዳ አልወጣችም።

ቅዳሜ ገበያ አብረን ስንሄድ ጨዋታችንን ቀጠልን። ቀይ ሽንኩርት ኪሎው 80 ብር ነበር፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ አስመዘንኩና ልጆቹን «ስንት?» አልኳቸው። የእኔዎቹ ስልኬን ጠየቁኝ። እሷ «ሁለቱ 160፣ ሩቡ 20፤ 180 ነው አክስቴ» አለች፤ ከነጋዴው ቀድማ። ቤት ገብተን ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ጻፍኩላት። ዝም አለች። ሩብን በእጇ ታውቀዋለች፤ በወረቀት ላይ 1/4 ተብሎ ሲጻፍ ግን አንብባው አታውቅም። ፈተናው ያየው አለማንበቧን ነው፤ ገበያው ደግሞ ማወቋን አሳየን። ሁለቱን ካላገናኘናቸው ልጅቷ ጠፍታ ትቀር ነበር።

ስለዚህ ለአምስት ሳምንት ገበያውን ወደ ወረቀት አመጣነው። በየቀኑ የገዛነውን ሁሉ እሷ ትጽፋለች፣ የእኔዎቹ ያርማሉ፤ በቃል ሲሆን ደግሞ የእኔዎቹ ይመልሳሉ፣ እሷ ታርማለች። ከዚያ ትምህርት ቤቱን እንደገና እንዲፈትናት፣ በቃልም እንዲጠይቃት ለመንን፤ ፈቀዱልን። 5ኛ ክፍል ገባች። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ደካማ ጎኗንም አልሸፈነልንም፤ እንግሊዝኛ ማንበቧ ገና ከትንሹ ልጄ በታች ነው። ግን የት እንዳለች አወቅን፤ ከየት እንደምንጀምርም እንዲሁ።

እሷ ለእኛ ያመጣችልን ፈተና ደግሞ ይኸውላችሁ። አንድ ማታ የባቄላ ንፍሮ ስንጠብቅ «እኛ ጋ ደጋው ላይ ባቄላ ከዚህም የበለጠ ቆይቶ ነው የሚበስል፤ ለምን?» አለች። ትልቋ ልጄ ከመጽሐፏ የያዘችውን «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብላ መለሰች፤ መልሷ ግን ባቄላውን አላበሰለውም። አብረን ፈለግን። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ልክ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ በ91 ገደማ። ፈላ ማለት ሞቀ ማለት ብቻ አይደለም፤ የፈላው ውሃ ሙቀቱ ካነሰ ባቄላው ይዘገያል። የእህቴ ልጅ ጥያቄውን ከእናቷ ምድጃ ነው ያመጣችው፤ ልጄ መልሱን ከመጽሐፍ። ሁለቱ ሲገናኙ እውቀት ሆነ።

እናንተም ብትሞክሩት ከተማችን ራሷ ትረዳችኋለች። የፋሲል ግቢን የከበበው ግንብ ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው፤ ልጁ ስንት እርምጃ እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምት፣ ከዚያ እየቆጠራችሁ ዙሩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ የጣሪያውን የመላእክት ሥዕል አንዱን ረድፍ ቆጥሮ ጠቅላላውን ይገምት። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው የሚለውን ስጡትና በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሚሆን ጠይቁት። 8 ቀንሶ ወዲያው 1628 ካለ ጥሩ ነው። «ከመስከረም በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ከጠየቀ ግን ተነሱና ሳሙት፤ ልዩነቱ አንዳንዴ 7 አንዳንዴ 8 የሚሆንበት ምክንያት ገብቶታል።

ሦስት ነገር ግን ጠብቁ። ጨዋታው ነጥብ አይያዝበት፤ ነጥብ ከገባ ፈተና ሆነ፣ ፈተና ከሆነ ደግሞ ልጁ መደበቅ ይጀምራል። ወንድምና እህት አታወዳድሩ፤ አንዱ የሚያውቀው ለሌላው መስደቢያ እንዳይሆን። የመጨረሻው ደግሞ፣ ተራ ይኑር፤ እነሱም እናንተን ይጠይቁ። «አላውቅም፣ አገር ልስጥ» የሚል ወላጅ ያየ ልጅ፣ አለማወቅ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚፈለግበት መነሻ መሆኑን ይማራል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ወላጅ ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በእኛ እጅ አይደለም። ወላጅ ልጁ የት እንዳለ የሚያውቀው በ12ኛው ዓመት መሆኑ ግን ሊቀየር ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ኳስ፣ የገበያ ዘንቢልና የእራት ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ገባህ?» አትበሉት። «እንቆቅልህ» በሉት፤ ካልመለሰ አገር ተቀበሉ፣ ከመለሰ ተራውን ስጡት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።