ነገረ አዋላጅ በካርቱም

ሐኪም ቤት ደንቡን በለወጠ ቁጥር ደንብ ጻፊው ስለ አልጋ ብዛት፣ ስለ ተረኛ ሐኪም ሰዓትና ስለ ገንዘብ ወጪ ሲያስብ፣ ወላዷ ግን በዚያች በጭንቅ ሰዓት ልጇን የሚቀበለው እጅ የማን እንደሚሆን ብቻ እንደምታስብ ለማስረዳት፣ ከካርቱም የተሻለ ምስክር የሚሆን ከተማ አላውቅም።

ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አስቀድማ በግብፅ በፋዩም አዋላጆችን ስታስተምር ቆይታ፣ በ1920 (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ ሱዳን ተጠርታ በማግሥቱ ዓመት ከዓባይ ማዶ በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ በየሰፈሩ ምጥ የያዛት ሴት የምታስጠራው የገመድ አዋላጅ የምትባለውን ዳያ ነበር፤ ወላዷ ከጣሪያ የወረደ ገመድ ጨብጣ ታምጥ ነበርና። ባል ያላገባችው ወይዘሪት ዎልፍ ወልደው ላሳደጉ ባልቴቶች ስለ ወሊድ ስታስተምር ያየ የኛ ሰው «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ማለቱ አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን የሴትዮዋ ጥበብ ዳያዋን ከሰፈሯ አሳድዳ ባዕድ ሴት በመተካት ላይ አልነበረም። ይልቁንም ፊደል ያልቆጠሩትን እነዚያኑ ሴቶች ሰብስባ፣ መድኃኒቱን በጽሕፈት ሳይሆን በመዓዛው፣ በጣዕሙና በመልኩ እንዲለዩ አስተምራ፣ ንጽሕናን እንደ ሥርዓተ ሃይማኖት አስጠብቃ፣ የመሣሪያ ሣጥንና የሥራ ፈቃድ ሰጥታ ወደየመጡበት መለሰቻቸው። እንግዲህ ደንቡ ተለወጠ፤ የምትመጣዋ ሴት ግን ያችው የምትታወቀዋ ነበረች።

ይህን ስል የታወቀ እጅ ሁሉ የተባረከ እጅ ነው ማለቴ አይደለም። ያችው ዳያ ሕፃናት ሴቶችን የምትገርዝና የምትሰፋ፣ ወላዷንም ከወለደች በኋላ መልሳ የምትሰፋ ነበረችና፣ ወይዘሪት ዎልፍም ይህን ልማድ በአንድ ጊዜ ለመንቀል ስላልደፈረች የቀለለውን ዓይነት በንጹሕ መሣሪያ እንዲፈጽሙ እስከ ማስተማር ደረሰች። በ1946 ሕግ የከፋውን ዓይነት ከልክሎ ነበር፤ ግርዛትን በሙሉ ወንጀል ያደረገው ሕግ የወጣው ግን በ2020 ነው። በእኔ አስተያየት የዚህች መምህርት ትልቁ ነቀፋዋ ይህ ነው፤ ቢሆንም በሰፈሩ ዘንድ የታመነች ሴት በክፋት ላይም በደግነት ላይም ምን ያህል ሥልጣን እንዳላት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የሐኪም ቤቱ ዘመን መጣ። ዶክተር ኻልዳ ዛሂር ከመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያን ሴት ሐኪሞች አንዷ ሆና በ1952 ተመረቀች፤ የኦምዱርማን የወሊድ ሐኪም ቤትም በ1957 ተከፈተ። መጠለያው ሰፋ፣ በቀዶ ጥገና የሚድነው ነፍስ በዛ፤ ዳሩ ግን ወላዷ የምታገኘው ከእርግዝናዋ ጀምሮ የሚያውቃትን ሳይሆን የዚያን ሰዓት ተረኛ ሆነ። በካርቱም በደይም ሰፈር ይኖሩ የነበሩት የኛ የኢትዮጵያ ሴቶች ደግሞ በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ተጨምሮባቸው፣ እነሱ ማርያም ማርያም እያሉ ሲጣሩ አዋላጇ የምትላቸውን ግፊ ወይም ታገሺ የሚል ቃል በምልክት ለመረዳት ይገደዱ ነበር።

ሐኪም ቤት ባይኖርስ ይሻል ነበር የሚል ሞኝ ቢኖር በአገራችን የልዕልት ፀሐይን ነገር ያስታውስ፤ በስደቱ ዘመን በለንደን የአስታማሚነት ትምህርት ተምራ የተመለሰችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በ1942 በነቀምት በወሊድ ምክንያት አረፈች። በስሟ በአዲስ አበባ በተሠራው ሐኪም ቤት የአዋላጆችን ትምህርት ለማቋቋም ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡትም፣ ሐኪም ብቻውን አገር ሊያዋልድ እንደማይችል ታውቆ ነው።

በ2023 በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ እስላሙ የረመዳንን መጨረሻ ክርስቲያኑ የትንሣኤን ሌሊት ሲጠባበቅ፣ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ፤ የኦምዱርማን የወሊድ ሐኪም ቤትም ሥራው ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ተረኛ የሚባል ነገር ጠፋ፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጥይት ሲያፏጭ ወደ ጎረቤት ቤት የገባችው ያችው የሰፈር አዋላጅ ናት። ሰላም በነበረ ጊዜ የሐኪም ቤቱ ደንብ ከጓሮ የጣላት ሴት፣ ሐኪም ቤቱ ሲዘጋ የሕይወት በር ሆና ቆመች።

ስለዚህ የተዘጉት ሐኪም ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ አዲስ ደንብ የሚጽፉት ሹማምንት ይህን ቢጨምሩበት እለምናለሁ፦ ነፍሰ ጡሯ በሰባተኛው ወር ማን እንደሚያዋልዳት፣ እሱ ካልተገኘም ማን እንደሚተካው በስም ይነገራት፤ ፈቃድ ያላት የሰፈሯ አዋላጅ ከአልጋዋ አጠገብ ትቁምላት፤ ዓረብኛ ለማታውቀውም ቃል የምታቀብላት አንዲት ሴት አትከልከል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚቸግረው የሐኪሞቹ መዓርግ ነው፤ የኔታ ነኝ ባይ ባለሙያ ከዳያ ጋር አንድ ክፍል መቆምን እንደ ውርደት ይቆጥረዋልና።