«ናታንያ ውስጥ የሚበላ የለም» ለምትሉ ወገኖች

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማሽካንታ ወይም ስለ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ስለ ምግብ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«ናታንያ ውስጥ የሚበላ ነገር የለም፤ ደህና ምግብ ካማረህ ቴል አቪቭ ሂድ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ስለ ኪርያት ኖርዳው ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ «እዚያ ምን አለና፣ ፋላፌልና ቡሬካስ!» ይባላል። የሚሉት የውጭ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልኩ ነበር። የሚያሳዝነው የሰፈራችን ልጆች ራሳቸው ማለታቸው ነው። በማኅበራዊ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ስሠራ ያየሁት አንድ ነገር አለ፦ አንድ ሰፈር «ምንም የለበትም» ከተባለ መጀመሪያ ገበያተኛው ይሸሻል፣ ቀጥሎ ሱቁ ይዘጋል፣ በመጨረሻ እውነትም ምንም የሌለበት ሰፈር ይሆናል። ስለዚህ ይህ ወሬ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው።

እስቲ ከከተማዋ እንጀምር። ናታንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ተመሠረተች፤ ስሟንም ያገኘችው ናታን ስትራውስ ከሚባለው የአሜሪካ ነጋዴ ነው። ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ይህ ሁሉ ሰው ከየአገሩ ሲመጣ ድስቱን ጥሎ አልመጣም። የትሪፖሊ አይሁዶች ማፍሩም ይዘው መጡ፤ ድንቹ ተሰንጥቆ ሥጋ ይሞላበትና ተጠብሶ በቀይ መረቅ ይበስላል፣ ከኩስኩስ ጋር ይቀርባል። ሽራይሜ የሚሉት የዓሣ ወጥስ? ቀይ፣ የሚያቃጥል፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነው፤ የኛ ሰው አንዴ ከቀመሰው «ይሄስ ዘመዳችን ነው» ይላል። ሞሮኮዎቹ፣ የካውካዝ ሰዎች፣ ጉርጂዎቹ፣ ከሩሲያ የመጡት፣ ሁሉም የየራሳቸው ማዕድ አላቸው። ከፈረንሳይ የመጡት ደግሞ ኪካር ሀዓጽማኡት አካባቢ ጠዋት ጠዋት የቅቤ ዳቦ ሽታ እንዲያውደን አድርገዋል። በመጨረሻም እኛ አለን። ናታንያ በአገሪቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ናት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛ «የሚበላ የለባትም» የምትባለው ከተማ ይህች ናት።

ታዲያ መጥፎው ስም ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ይመስለኛል። በ2002 በፔሳሕ ዋዜማ ፓርክ ሆቴል ውስጥ ለሰደር ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች ላይ በደረሰው ጥቃት 30 ሰው ሞተ። በዚያ ዘመን ሰው ካፌ ገብቶ ቡና ለመጠጣት እንኳን በሩን ዞር ብሎ ያይ ነበር። ሌላው ምክንያት የናታንያ ጥሩ ምግብ ፊት ለፊት የሚታይ አለመሆኑ ነው። የሚያብረቀርቅ መስኮት የለውም፣ የተማረ አስተናጋጅ የለውም። ዓርብ ረፋድ ላይ በጎድጓዳ ትሪ ተሞልቶ ለሰንበት ይሸጣል፣ ወይም ደግሞ በየቤቱ ይበላል። ስለ ምግብ የሚጽፉት ሰዎች ወንበርና ጠረጴዛ ይቆጥራሉ፤ ድስት የሚቆጥር ግን የለም።

አሁን ወደ ኪርያት ኖርዳው ልምጣ። በሰፈራችን ሱቆች ጤፉ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ያልተቆላው ቡና፣ ጀበናው ሳይቀር ይገኛል። ዛሬ ይህን እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። እኔ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ስመጣ ልጅ ነበርኩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የገባነው። ያኔ ጤፍ ከየት ይመጣል! እናቶቻችን በስንዴ ዱቄት ሞከሩ፤ አንዳንዴ ይደርቃል፣ አንዳንዴ ዓይን አያወጣም። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። ከዚያ በ2006 ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። እነሱም እንደ ገና ከሌላ ዱቄት ጋር ማደባለቅ ጀመሩ። እርሾው፣ አብሲቱ፣ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀው ቡኮ፣ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሙቀት... ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ፣ በሙከራ ነው የደረሱበት። በነጭ ኮፍያ የሚሠራ ሼፍ ይህን ቢያደርግ ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር።

የዶሮ ወጣችንንም ተመልከቱ። ሌላው ኢትዮጵያዊ ንጥር ቅቤ ያደርግበታል። እኛ ሥጋን ከወተት ስለማንቀላቅል በዘይት እንሠራዋለን። ጣዕሙ እንዳይቀንስ ሽንኩርቱን ማቁላላት ይረዝማል፣ ቅመሙም በልኩ ይጨመራል። የሰንበት ዳቧችንም እንዲሁ ነው፤ አገር ቤት ሳለን በሰንበት እሳት ስለማናነድ ዓርብ ተጋግሮ ያድራል፣ በማግስቱ ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል። ይህ ምግብ ኦሪታችን የገባበት ምግብ ነው። እንዲህ ያለው ኢትዮጵያዊ ምግብ ሌላ አገር ብትዞሩ አታገኙትም፤ እዚህ ግን ደረጃ ወርዳችሁ የጎረቤት በር ብታንኳኩ ታገኙታላችሁ።

መጥፎ ስም የሚለወጠው እንዴት እንደሆነ ከዘመዶቻችን እንማር። ዋሽንግተን ውስጥ በ1978 «ማማ ደስታ» የሚባል የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የ1977ቱ ድርቅ፣ ማለትም የ1984ና የ85ቱ፣ መጣና ዓለም ኢትዮጵያን ያወቃት በረሃብ ብቻ ሆነ። በ1989 የወጣ አንድ ዝነኛ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ እንኳን የኢትዮጵያ ምግብ ማለት ባዶ ሳህን ነው እየተባለ ተቀለደ። ዛሬስ? ዋሽንግተን የሚሄድ እንግዳ እንጀራ ሳይቀምስ አይመለስም። ወጡ አልተለወጠም፤ ያው ወጥ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። የኛው ሰዎች ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ከፍለው በሉ፣ ፈረንጅ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ሌላው ሰው የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቴል አቪቭ ሄደን ለአንድ በያይነቱ የተጠየቅነውን ሳናጉረመርም እንከፍላለን። እዚህ ሰፈር ስንመጣ «እትዬ፣ ትንሽ ቀንሽልኝ እንጂ፣ የአገር ልጅ አይደለሁም?» እንላለን። የአገር ልጅነት ዋጋ ማስቀነሻ ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው?

በተለይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። በ2018 በአንድ የታወቀ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የኛ ልጆች ወይኑን እንዳይነኩ ተደርገው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ የካሽሩት ማረጋገጫ የሚሰጠው አካል አይሁድነታቸውን ስለተጠራጠረ ነበር። ራሳቸው ዋናው ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። እኛም ተቆጣን፣ ጮኽን፤ ልክ ነበርን። ግን እጃችን ተጠረጠረ ብለን የጮኽን ሰዎች ተመልሰን «የሰፈር ሴት የሠራችው ምግብ አይታመንም» ካልን ጩኸታችን ምን ትርጉም አለው?

አንድ ቀን በሰፈራችን በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተቀመጡት ወላጆች የሚበዙት የኛ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ከሌላ ከተማ በመኪና የመጣ ሳንድዊች ነበር። አዘጋጆቹን «ከመንገዱ ማዶ እኮ እንጀራ የሚጋግሩ እናት አሉ» አልኳቸው። «እሳቸው ሐሽቦኒት አይሰጡም፣ ተዑዳት ካሽሩትም የላቸውም፣ እኛ ደግሞ ያለዚያ መክፈል አንችልም» አሉኝ። ለሴትዮዋ ስነግራቸው «ልጄ፣ እኔ ወጥ ነው የማውቀው፣ ወረቀት ማን አስተማረኝ» አሉኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ችግሩ ጣዕም እንዳልሆነ ልብ በሉ። የጎደለው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይሞላል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የኢሪያው ሰዎች ለሰፈሩ ፈቃድ ያለውና ካሽሩቱ የተረጋገጠ አንድ የጋራ ማብሰያ ቤት ቢከፍቱ፣ በቤታቸው ወጥ ቤት ፈቃድ ማግኘት ያቃታቸው እናቶች ተራ ይዘው ሊሠሩበት ይችላሉ። የተማሩ ልጆቻችን፣ ሒሳብ የምታውቁ፣ ለአንዲት እናት ኦሴክ ፓቱር መክፈት ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም። ለስግድ፣ ለባር ሚጽቫ፣ ለስብሰባ ምግብ የምታዙ ኮሚቴዎች፣ መጀመሪያ ከሰፈሩ ጠይቁ። ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖችም ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ በተባለው ሰዓት ክፈቱ፣ ላልለመደ እንግዳ በዕብራይስጥ አስረዱ። ፍቅር ብቻውን ገበያተኛ አይመልስም።

«የቴል አቪቭ ይሻላል» የሚል ሰው መብቱ ነው፤ እኔም ስሄድ እበላለሁ። ግን ሰው የጎረቤቱን ድስት ሳይቀምስ አይፍረድ። በዚህ ሳምንት አንዲት ሥራ ባልደረባችሁን ወይም አንድ ጎረቤታችሁን፣ ከኛ ወገን ያልሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ሰፈር ውስጥ ጋብዙ። ሳትከራከሩም ክፈሉ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የእናቶቻቸው ሙያ በገንዘብ ሲከበር ይዩ። በትምህርት ቤት እንጀራ ከቦርሳው ለማውጣት የሚያፍር ልጅ ሳገኝ ከምነግረው ብዙ ምክር ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት ለሁላችሁም።